የሁለት ፀጉር ልዩነት

የጥርስ ሐኪሙ መጀመሪያ ወደ ሱቄ የመጣ ቀን ሁለት ጥይት በሸሚዙ የደረት ኪስ ሰክቶ ነበር፤ ሰው እስክሪብቶ እንደሚሰካ። አንድ በአንድ አውጥቶ ባንኮዬ ላይ አቆማቸው። ሞረዴን አስቀምጬ ቀና እስክል ጠበቀና ጉሮሮውን ጠራረገ።

"የቱ ይሻላል?" አለኝ።

"ለምኑ?"

"ለጎሽ።"

"ጎሹን ጠይቀውታል?"

አልሳቀም። ከቦርሳው ደብተር አወጣ። ያኔ ነው የናቅኩት። እውነቱን ለመናገር ቀደም ብዬ፣ በሩ ላይ ጫማውን ሁለት ጊዜ ሲጠርግ ጀምሬ ነበር። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ፣ በሆዴ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ "አንተ" ነው።

ሥራዬ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ መሥራት ነው። ሁለቱ አፈሙዝ ጎን ለጎን ይበየዳሉ፤ የፊተኛው ምላጭ ቀኙን፣ የኋለኛው ግራውን ይተኩሳል። የቆሰለ ጎሽ ሲመጣ እስክታቀባብል አይጠብቅህም፤ ለዚያ ነው ሁለተኛው ተኩስ አብሮ የሚያድረው። ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። እሱ ሲሞት ሱቁ፣ ቶርኖው፣ ሞርሳውና ታናሽ ወንድሙ ለእኔ ተረፉ። አጎቴ በጓሮው ክፍል ከእንጨት የጠመንጃ ሰደፍ ይቀርጻሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በቀኝ ጆሯቸው አይሰሙም፣ በግራው ደግሞ የፈለጉትን ብቻ ይሰማሉ። በአንድ ወገን ጎማ ጠጋኝ፣ በሌላው ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ በመሀል እኛ በዓመት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጠመንጃ እናወጣለን።

ደንበኞቼን እንቃለሁ። ማንም አላስተማረኝም፣ ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ሆዱን አስቀድሞ የሚገባው አለ። "የአያቴ እጅ ነው ያለኝ" የሚለው አለ፤ አያቱ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ። ሁሉም ይስታሉ፣ ሁሉም ጠመንጃዬን ይከሳሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ገብቶ "እኔ ነኝ የሳትኩት" ብሎኝ አያውቅም።

ሐኪሙ ካቆማቸው ጥይቶች አንደኛው ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ሚሊሜትር ነው፤ ቀጠን ረዘም ያለ፣ ገር ጥይት። ሁለተኛው "ሦስት ሰባ አምስት" የሚባለው ነው። የተሰየመው በኢንች ስለሆነ ቁጥሩ ይጮኻል እንጂ ስፋቱ ዘጠኝ ሚሊሜትር ተኩል ነው። በሁለቱ መካከል የሁለት ፀጉር ውፍረት ቢኖር ነው። ሁለቱም መካከለኛ ካሊበር ናቸው። ቦታው ላይ ከገቡ ሁለቱም ጎሽ ይጥላሉ፤ ካልገቡ ሁለቱም ባለቤታቸውን ያስረግጣሉ። ሦስት ሰባ አምስቱ ትንሽ በርታ ብሎ ይሄዳል፣ ትከሻንም በዚያው ልክ በርታ አድርጎ ይመታል። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን በሁለት ደቂቃ ነገርኩት። እሱ ግን ለመወሰን ሁለት ወር ፈጀበት።

ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣ ጀመር፤ ከክሊኒኩ በቀጥታ፣ የጥርስ መድኃኒት እየሸተተ። አንድ ማክሰኞ "በመቶ ሜትር ላይ የሦስት ሰባ አምስቱ ጉልበት ይበልጣል" ይላል። በሚቀጥለው "የዘጠኝ ነጥብ ሦስቱ አረር ግን ረዘም ስለሚል ጠልቆ ይገባል" ይላል። በሦስተኛው ሁለቱንም ሰርዞ ስለ ሙቀት ያወራል፤ ባሩድ በሙቀት አገር ጠባዩ ይለወጣል ብሎ አንብቧል። ደብተሩ በቀይና በሰማያዊ የተሰመረ ነው። የሕጻን ደብተር እንኳ እንዲህ አያምርም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት ቢያንስ እጇን ዘርግታለች፤ ይሄኛው ቆጡን እየለካ ነው።

"ባለቤትዎንም እንዲህ ነው የመረጧት?" አልኩት አንድ ቀን።

"አዎ፣" አለ ከደብተሩ ቀና ሳይል። "አራት ዓመት ፈጀብኝ።"

በሰባተኛው ማክሰኞ አንጀቴ አረረ። ሁለቱ ጥይቶች እንደተለመደው ባንኮው ላይ ቆመዋል፤ እሱ ስለ ነፋስ ይናገራል።

"ዶክተር፣" አልኩት፣ "ጎሽ ተኩሰው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"ሌላስ?"

"ሚዳቋ። ሁለት።"

"እንግዲያው አይድከሙ። ለእርስዎ ዘጠኝ ነጥብ ሦስቱ ይበቃዎታል።"

ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ዘጠኝ ነጥብ ሦስቱን አንስቶ ኪሱ ከተተና ሦስት ሰባ አምስቱን ወደ እኔ ገፋው።

"ይሄኛው ይሁን፣" ብሎ ወጣ።

በጓሮው ክፍል የአጎቴ መሮ ድምፁን ካጠፋ ቆይቷል። አጎቴ ስብርባሪ እንጨት ከሸሚዛቸው እያራገፉ ብቅ አሉ።

"ምክርሽ ትክክል ነበር፣" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"'ይስማማዎታል' ብትይው ኖሮ ይመርጠው ነበር። አንቺ 'ይበቃዎታል' አልሽው።"

"ምን ልዩነት አለው?"

"የሁለት ፀጉር፣" አሉና ወደ እንጨታቸው ተመለሱ።

ጠመንጃው ስምንት ወር ወሰደ። ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪው መጨረሻው ነው፤ እኛ ማጣመድ እንለዋለን። ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ስለተበየደ ብቻ አንድ ቦታ አይመታም። ቀኙ ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ቀኝ ይረግጣል፣ ግራው ሲተኮስ ወደ ግራ። ስለዚህ ጫፋቸው ላይ በመካከላቸው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ይገባል። ትተኩሳለህ፣ ቀዳዳውን ታያለህ፣ ብየዳውን በእሳት ታለሰልሳለህ፣ ሽብልቁን በፀጉር ልክ ትገፋለህ፣ አቀዝቅዘህ እንደገና ትተኩሳለህ። ልክ እንደ አዲስ ጥማድ በሬ፣ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ሲጎትት ቀኑ ይመሻል። በመጨረሻ ሁለቱም አንድ ቦታ ሲመቱ፣ የተገሩት ለአንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ነው። በሌላ ጥይት ይበታተናሉ።

የሐኪሙን ጠመንጃ ያጣመድኩት እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው የድንጋይ ካባ ውስጥ፣ በገዛ ትከሻዬ ነው። በሃምሳ ሜትር ላይ ሁለት ከቀኝ፣ ሁለት ከግራ ተኮስኩ። አራቱንም ቀዳዳ በአንድ መዳፍ ሸፈንኳቸው። ለዚያ ሰው ሲበዛበት ነው ብዬ አሰብኩ።

ጠመንጃውን በወሰደ በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል፤ ኢላማዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ላይ ቀን፣ ሰዓትና የአየሩ ሙቀት ተጽፎበታል። ባንኮዬ ላይ ዘረጋቸው። የቀኙ ቀዳዳዎች መሀል ላይ ተሰብስበዋል። የግራዎቹም ተሰብስበዋል፤ ግን ከመሀሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው።

"ግራው ወደ ላይ ይመታል፣" አለ።

"ጠመንጃው አይደለም።"

"አሥራ ስድስት ጊዜ ተኩሻለሁ።"

"ይስሙኝ፣ ዶክተር። ቀኙን ይተኩሳሉ፣ ትከሻዎ ይቀምሰዋል። የግራው ተራ ሲደርስ ሰውነትዎ ያስታውስና ወደ ኋላ ይሸሻል። ሰው ወደ ኋላ ሲሸሽ አፈሙዝ ወደ ሰማይ ያያል። ፍርሃት ነው። አያሳፍርም፣ የተለመደ ነው።"

"አያሳፍርም" ያልኩት እንዲያፍር ነው። አላፈረም። "እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?" ብሎ ጠየቀ፣ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ እየጣፈጠኝ ነገርኩት። ሌላ ሰው ዞር ብሎ ያጎርስልሃል። አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዳንዴ ባሩድ የሌለው። ተኳሹ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ባዶው ላይ ምላጭ ሲሳብ ቀጭ ይላል እንጂ አይጮኽም፤ ያን ጊዜ ጠመንጃው በራሱ ስለማይረግጥ አፈሙዙ ከተንቀሳቀሰ ያንቀሳቀሰው ተኳሹ ነው። መደበቂያ የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት ካባው ውስጥ ተገናኘን። የድንጋይ መፍጫው ቆሟል፤ ነጭ አቧራው ብቻ ቀርቷል። አጎቴ ጀርባቸውን ሰጥተው አጎረሱና ጠመንጃውን ለሐኪሙ አቀበሉት። እኔ በጎኑ ቆሜ አፈሙዙን ብቻ አያለሁ። ፈገግታዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

ቀኙ ጮኸ። ከዚያ ግራው፣ ቀጭ።

አፈሙዙ አልተነቃነቀም። ግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር ነው የሚመስለው።

"ይድገሙ፣" አልኩ። ቀኙ ጮኸ፣ ግራው ቀጭ አለ፣ አፈሙዙ እዚያው ነው። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። ፈገግታዬ የት እንደገባ አላውቅም። ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ በሚንቀጠቀጥ ሰው አፍ ውስጥ ስለት ይዞ የሚውል መሆኑን ረስቼው ነበር። ደብተሩን ብቻ ነበር የማየው።

"እንግዲህ ጠመንጃው ነው ማለት ነው፣" አለና ጻፈው። ቢኮራ ይሻለኝ ነበር።

"አይደለም! አምጣው!" ብዬ ከእጁ ነጠቅኩት። በአፌም "አንተ" ማለቴን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው። "አጎቴ፣ ያጉርሱልኝ። ይየው።"

አጎቴ ትንሽ ዘገዩ። ከዚያ ዞረው አጎረሱ።

ቀኙን ተኮስኩ፤ ወረቀቱ መሀል ላይ ተበሳ። ግራውን ሳብኩ።

ቀጭ።

አፈሙዙ እንደ ተመታ ውሻ አንገቱን ደፋ። አንድ መዳፍ ያህል፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ሁለት ሰው እያየ። ዓይኔንም ጨፍኜ ነበር፤ መጨፈኔን ያወቅኩት መግለጥ ሲኖርብኝ ነው።

"ሌላ ያጉርሱ፣" አልኩ።

"ይበቃሻል፣" አሉ አጎቴ።

ሐኪሙ አልሳቀም፣ አላጽናናኝምም። ያሰበውን ጮክ ብሎ ተናገረው። "ግራውን ሲተኩሱ ወደ ታች ይደፉታል። ስለዚህ ሲያጣምዱት፣ እየደፉትም መሀሉን እንዲመታ ግራውን ከፍ አደረጉት። የማይደፋ ሰው ሲይዘው ወደ ላይ ይመታል።" ከዚያ፣ "ግልጽ ነው፣" ብሎ ጨመረ። ለዚች ቃሉ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

በመመለሻችን አጎቴን መኪና ውስጥ ጠየቅኳቸው። "ያውቁ ነበር?"

"ከሁለት ዓመት ወዲህ ጠርጥሬ ነበር። ትከሻ ብረት አይደለም። ሠላሳ ዓመት ስትቀጠቅጪው ቆጠረብሽ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ማን ይንገርሽ? ሰው ጥፋትሽን ሲነግርሽ የምታዪውን አስተያየት አንቺ አላየሽውም። እኛ ነን የምናየው።" መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲሉ ማንን እንደሆነ ገብቶኝ አያውቅም ነበር።"

የሐኪሙን ጠመንጃ አሁን ወደ ተሻለው ዘጠኝ ነጥብ ሦስት መለወጥ አይቻልም ነበር። ብረት ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ያ በንዴት የመረጠው፣ እኔ ያስመረጥኩት ጥይት ጸንቶ ቀረ፤ ቀሪው እንደገና ማጣመድ ነው። እሱ ይተኩሳል፣ እኔ እሳትና ሽብልቅ እይዛለሁ። አራት ቅዳሜ ፈጀብን። ብየዳው በስንት ዲግሪ እንደሚለሰልስ ይጠይቃል። መልሱን ይጽፋል። የጻፈውን ያነብልኛል። መዶሻውን ግንባሩ ላይ ላሳርፍ ያልቃጣኝ ሰዓት አልነበረም። በአራተኛው ቅዳሜ ግን ስምንቱም ቀዳዳ፣ አራት ከቀኝ አራት ከግራ፣ በመዳፌ ስር ገቡ።

ለአደን ሄደ። ጎሹ በመጀመሪያው ጥይት ወደቀ፤ ግራው አልተተኮሰም። ሲመለስ ስልኩ ላይ አርባ ፎቶ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሦስቱን አየሁለት። ከዚያ ወዲህ የማጣምደውን ሁሉ የሚተኩስልኝ እሱ ነው። ጠይቄው አይደለም። አንድ ቅዳሜ ካባው ውስጥ ደብተሩን ይዞ ቆሞ አገኘሁት፤ ሂድም አላልኩት።

የአጎቴ "ሁለት ዓመት" ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሐኪሙ ሌላ አራት ጠመንጃ ወጥቷል። ስልክ አንስቼ ደወልኩ። ሁለቱ ሰዎች አመጡት፤ ሁለቱም ጠመንጃዎች ግራቸው ሰማይ ያያል። ሦስተኛው ሰውዬ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፣ አንድ ጥይት አልተኮሰበትም፤ ለዚህ ሰው እንኳን ይቅርታ ሰላምታም ይበዛበታል። አራተኛው ስልክ አያነሱም ነበር። ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ጠመንጃውን በወሰዱ በወሩ መጥተው ልክ እንደ ሐኪሙ፣ "ግራው ከፍ ይላል" ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከሞርሳው ቀና እንኳ ሳልል፣ "ጋሼ፣ ዓይንዎ ነው። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል" አልኳቸው። ቆመው ጠመንጃውን ትንሽ ተመለከቱትና ሄዱ። ሸጡት ሲባል ሰምቼ፣ ደግ አደረጉ ብዬ ነበር።

እሑድ ረፋዱ ላይ ቤታቸው ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። ግቢው ጠባብ ሆኖ ንጹሕ ነው፤ የቅየሳ መሣሪያ ይቆምበት የነበረ ሦስት እግር የልብስ ገመድ ተሸክሟል። ሽማግሌው በጎማ ቱቦ ቲማቲም ያጠጣሉ። አርባ ዓመት የሚሆናት ልጃቸው አሮጌ ነጭ መኪና ታጥባለች።

ወዲያው አወቁኝ። ሰላምታዬን በራሳቸው ንቅናቄ መለሱ።

"ጋሼ፣ ያ ጠመንጃ..." አልኩ። ሙሉውን መንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ተነነብኝ። "ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሳጣምደው እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ዓይንዎ ምንም አልሆነም ነበር።"

ቱቦውን አልዘጉትም። ውሃው ጫማዬን አራሰው።

"ድገሚው፣" አሉ።

ደገምኩት።

"ቆይ። አንቺ ልጅ፣ ነይ ወዲህ! ይቺ ሴትዮ የምትለውን ስሚ።"

ልጅቷ የረጠበ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ሦስተኛ ጊዜ ለእሷ ደገምኩት፤ ያጎረስነውን ባዶ ጥይት፣ ዓይኔን መጨፈኔን፣ ሁሉንም።

"ሰማሽ?" አሏት አባቷ። ወደ እኔ ዞሩ። "ከአንቺ ሱቅ ወጥቼ የመኪናውን ቁልፍ ለዚች ሰጠኋት። ዓይኑ የሄደ ሰው ምን ቁልፍ ያስፈልገዋል? ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው በአውቶቡስ ስሄድ። 'አባባ ይቀመጡ፣ አባባ ይያዙ።' ሦስት ፌርማታ ለመሄድ የሕጻን ልጅ ክንድ ይዤ።"

"የዓይን ሐኪም አላዩም ነበር?"

"አንቺ እያለሽ?" አሉ። "በሙያዋ አንደኛ ናት ብለውኝ ነበር፤ አመንኩሽ።"

ሌላ ጠመንጃ ልሥራልዎት አልኳቸው፤ በፈለጉት ጥይት፣ ጊዜዎን ወስደው ይምረጡ።

"ሲጣመድ ማን ይተኩሰዋል?"

"አንድ የጥርስ ሐኪም።"

"የጥርስ ሐኪም!" እስኪያስላቸው ሳቁ። "ጎበዝ ነው?"

"አድካሚ ሰው ነው፣" አልኩ። ከዚያ፣ ምላሴ እየተያዘ፣ "እጁ ግን አይነቃነቅም።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ደንበኞቼን እንዴት እንደማይ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ለካ እንዲህ ይበርዳል። ቱቦውን መሬት ላይ ጣሉትና እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

"ቁልፉን አምጪ።"

"አባዬ፣ ዛሬውኑ? ዝም ብለህ..."

"አምጪ አልኩሽ።"

ሰጠቻቸው። ሳሙናው ያልለቀቀው መኪና ውስጥ ገብተው አስነሡና በዚያ ጠባብ በር ወደ ኋላ ወጡ፤ ግራና ቀኙ አንድ ጣት ያህል እየተረፈ፣ አንድ ጊዜ ሳይቆሙ። ጥግ ዞረው ሄዱ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ቱቦውን ዘጋች።

"ሌላ የሚነግሩን ነገር አለ?" አለችኝ።

የለም ብዬ ወጣሁ።